ደረጃው የማን ነው?

ኪነ ጥበብ ከሕዝብ ኑሮ ይፈልቃል የሚለውን ቃል በየስብሰባው የማይደግም ከያኒ የለም። እኔም ደጋግሜዋለሁ። ወጣት ገጣሚያንን ስመክር «ወደ ጎዳና ውጡ፤ ሕዝቡ ከሚውልበት ዋሉ» ማለቱ አይቸግረኝም። የሚቸግረው ጎዳናው በራሱ እግር ወደ እኛ በር ሲመጣ ነው። ያን ጊዜ ዘበኛ እንልክበታለን።

ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ ብቻ እንዳልሆነ በቅድሚያ መናገር ይገባኛል። ዘበኛውን የላክሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት በአንድ የአዲስ አበባ አዳራሽ አዲስ ተውኔት እናለማምድ ነበር። የተውኔቱ ጭብጥ፣ አንባቢ አይሳቅብኝና፣ ወጣቱ ትውልድ ከባህል መራቁ ነው። በሁለተኛው ገቢር አንዲት እናት ለልጇ ረዘም ያለ ንግግር ታደርጋለች፤ ንግግሩም ዝምታን ይጠይቃል። ተዋናይቱ አፏን በከፈተች ቁጥር ግን ከውጭ፣ ከአዳራሹ ደረጃ ላይ፣ «ቋ!» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ቀጥሎ የሚንከባለል እንጨት፤ ቀጥሎ ሳቅ። አራት ቀን ታገሥን። በአምስተኛው ቀን ዘበኛውን ጠርቼ፣ «አባቴ፣ እነዚህን ልጆች አንድ ነገር ያድርጉልን» አልኋቸው።

እሳቸውም አደረጉ። ጩኸቱን ሰምቼ ብወጣ ስድስት ልጆች ቆመዋል፤ አምስት ወንዶችና አንዲት ሴት። ለስድስቱ ያላቸው ስኬትቦርድ የሚሉት ባለ አራት ጎማ ሰሌዳ ሁለት ብቻ ነው። ዘበኛው የአንደኛውን ልጅ ስልክ ይዘዋል። «መቅረጽ ክልክል መሆኑን አታውቅም? ማን ፈቀደልህ?» ይላሉ። ልጁም፣ «አባባ፣ ሕንፃውን እኮ አይደለም የምቀርጸው፤ እግሩን ነው» እያለ ወደ ጓደኛው እግር ይጠቁማል።

ስልኩ እንዲመለስለት ለመንሁ። ልጁ ንጽሕናውን ለማስረዳት ይሁን ወይም በሥራው ኮርቶ፣ አላወቅሁም፣ «ጋሼ፣ ይዩት» ብሎ የቀረጸውን አሳየኝ። የሦስት ደቂቃ ምስል ነው። የአዳራሹ ደረጃ የሚታይበት ክፍል ከአራት ሴኮንድ አይበልጥም። «ስንት ጊዜ ሞከራችሁት?» አልሁት። «ይቺን? ሦስት ሳምንት» አለኝ። ልጆቹ ጨዋታውን አሳጥረው «ስኬት» ይሉታል፤ ቃሉ በቋንቋችን ሌላ ትርጉም እንዳለው አልጠፋቸውም፤ አንዱ በጀርባው በወደቀ ቁጥር የተቀሩት «ስኬት ነው!» እያሉ ያጨበጭቡለታል።

ለአራት ሴኮንድ ምስል ሦስት ሳምንት የሚደክም ሰው ሥራ ፈት ይባላልን? እኔ ለአንድ ስንኝ ሁለት ወር ስደክም ባለሙያ ተብያለሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩን ላጠና ተነሣሁ። በልምምድ እረፍት ጊዜ ወጥቼ እቀመጣለሁ፤ አያለሁ፤ እጠይቃለሁ። ስለ ሥራው አሠራር ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም በጉዳዩ ላይ ፍርድ የሚሰጡት አብዛኞቹ ሰዎች አንድ ቀን እንኳ ቆመው ያላዩ ናቸው። ዘላዩ ሰሌዳውን በእጁ አይዝም፤ ከእግሩም ጋር አልታሰረም። የኋላ እግሩ የሰሌዳውን ጭራ መሬት ላይ ይመታል፤ ፊቱ ሲነሣ የፊት እግሩ ወደ ላይ እየሸሸ ይጎትተዋል፤ ሰሌዳውም ጫማው ሥር እንደተለጠፈ ሆኖ አብሮት ይነሣል። ይህን ስልት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ አለን ጌልፋንድ የተባለ የፍሎሪዳ ልጅ በተዳፋት ግድግዳ ላይ ጀመረው፤ ሮድኒ ሙለን የተባለው ሌላ የፍሎሪዳ ልጅ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሜዳ አወረደው። ሜዳ ላይ ከወረደ በኋላ ነው እንግዲህ የከተማው ደረጃ፣ መደገፊያ ብረትና የድንጋይ መቀመጫ ሁሉ ለጨዋታው የተከፈተው።

ከዘላዩ ይልቅ እኔን የማረከኝ ግን ቀራጩ ነው። ቀራጩ ዳር ቆሞ አይመለከትም። እሱም በሌላው ሰሌዳ ላይ ወጥቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ስልኩን ዘቅዝቆ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ፣ ከጓደኛው ጋር እኩል ይፈጥናል። ከቀደመ ምስሉ ይበላሻል፤ ከዘገየ ይበላሻል፤ ከወደቀ የሦስት ሳምንቱ ድካም አብሮት ይወድቃል። ከተዋናዩ ጋር አብሮ እየሮጠ፣ በተዋናዩ አደጋ ውስጥ ራሱን አስገብቶ የሚያዘጋጅ አዘጋጅ በአገራችን መድረክ አላየሁም፤ እኔም አላደረግሁትም። ደግሞም ምስሉን ሲያቀናብሩ ውድቀቱን አይቆርጡትም። ልጁ ሲወድቅ፣ ክርኑ ሲላጥ፣ ተነሥቶ ሲሞክር፣ እንደገና ሲወድቅ ይታያል፤ መሳካቱ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ድል ብቻ ከሚታይበት ስንትና ስንት ተውኔታችን ይልቅ ይህ ለእውነት የቀረበ መሆኑን መካድ አልችልም።

ይህ ልማድ ትናንት የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 ስቴሲ ፔራልታ «ቦንስ ብሪጌድ ቪዲዮ ሾው» የተባለውን የቪዲዮ ካሴት አዘጋጅቶ ካወጣ ወዲህ የሰሌዳው ጨዋታና የምስሉ ሥራ መንትያ ሆነው አድገዋል። በ1995 ሶኒ ያወጣት ቪኤክስ 1000 የተባለች ካሜራ፣ ክብ እይታ ባለው ሌንስ ታግዛ፣ ለእነዚህ ልጆች እንደ ማሲንቆ ሆነች፤ ጊዜዋ ካለፈ በኋላ እንኳ ከእጃቸው የማያወጧት አሉ። ለሲኒማ ባለሙያዎቻችን የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር፤ በ1991 «ቪዲዮ ዴይስ» የተባለውን የስኬትቦርድ ፊልም የሠራው ስፓይክ ጆንዝ፣ በ2014 ለፊልም ድርሰቱ የኦስካርን ሽልማት ተቀብሏል። ትምህርት ቤቱ ጎዳናው ነበር።

ወደ ክሱ ልግባ። አንድ የማከብረው የሙያ ጓደኛዬ ሻይ ቤት ተቀምጠን ይህን ሁሉ ስተርክለት፣ «ይህ እኮ ከባዕድ የተቀዳ አጉል ፋሽን ነው፤ አንተ ደግሞ የባህል ሰው ነህ» አለኝ። ይህ አነጋገር ከብዙ ሰው አፍ ስለምሰማው መልሱን በጽሑፍ ማኖር መረጥሁ።

ጨዋታው የመጣው ከካሊፎርኒያ መሆኑ አሌ አይባልም። የእግር መንሸራተቻ ጎማ ነቅለው ከጣውላ ሥር የመቱ ልጆች በ1950ዎቹ ጀመሩት። የብረትና የሸክላ ጎማ አንዲት ጠጠር ስትገጥመው ቀጥ ይል ነበርና ልጆቹ ጥርሳቸውን ይሰብሩበት ነበር፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፍራንክ ናስዎርዚ የዩሬቴን ጎማ ሲያመጣ ሰሌዳው ለመጀመሪያ ጊዜ አስፋልትን የሚነክስ እግር አገኘ። በዚያው አሥርት ዓመት አጋማሽ ካሊፎርኒያን ድርቅ ሲመታት የሀብታሞቹ የመዋኛ ገንዳዎች ባዶ ቀሩ፤ የድኻ ሠፈር ልጆችም አጥር እየዘለሉ ገብተው የገንዳውን ግድግዳ ጋለቡበት። ታሪኩ ይህ ነው። በዚህ ውስጥ የምናፍርበት ምን አለ?

ከዚህም በላይ፣ ባዕድ ነው የሚለው ጓደኛዬ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ሆኖ ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ ለምኖ፣ ጣውላ ላይ መትቶ፣ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል በሆዱ ተኝቶ ያልወረደ ማን ነው? የእኔ ግራ ጉልበት ምስክር ነው፤ ጠባሳው ዛሬም ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዘኛል። የካሊፎርኒያው ልጅና እኛ ሳንተዋወቅ አንድ ዓይነት ነገር ሠርተናል። ያን ጊዜ ግን ባዕድ አልተባልንም፤ ባለጌ ተባልን እንጂ።

ደግሞስ የእኛ የራሳችን ሙያ ከየት መጣ? በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በ1910ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት ሲጽፉ መነሻቸው የፈረንሳዊው የላ ፎንቴን ተረቶች ነበሩ፤ የተውኔት ጥበብንም ያዩት በውጭ አገር ነው። ያ ተውኔት በቤተ መንግሥት ዘንድ ስላልተወደደ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት አዲስ አበባ ላይ ሲከፈትም ሕዝቡ ያወጣለት ስም «ሰይጣን ቤት» ነው። ዛሬ የሰይጣን ቤት ልጆችና የታገደው ተውኔት የልጅ ልጆች የሆንን እኛ፣ በባህል ጠባቂነት ወንበር ተቀምጠን የሌላውን ልጅ ሰሌዳ ባዕድ እንላለን። ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ሳቀና ሌላ ሻይ አዘዘ፤ መልስ ግን አልሰጠኝም።

ሁለተኛው ክስ ከበድ ይላል፤ ሐቅም አለበት። ሰሌዳው ድንጋይ ያበላሻል። ልጆቹ ሰሌዳው እንዲንሸራተትላቸው የመቀመጫውን ጠርዝ ሰም ይቀቡታል፤ ብረቱ ሲፈጋው ጠርዙ ይጠቁራል፣ ይሸራረፋል። የአዳራሻችን ሦስተኛ ደረጃ ጥግ ላይ የአውራ ጣት ያህል ተቆርሷል። ምርኩዝ ይዘው የሚወጡ አዛውንት ይደነግጣሉ። ልጆቹም ቢሆኑ አጥንት ይሰበራሉ። ይህን የሚክድ ጠበቃ ለልጆቹ አይበጃቸውም።

ነገር ግን በጉዳት ስም መከልከል ምን እንደሚያስከትል የታየ ነው። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1978 ጉዳት ያስከትላል በማለት ሰሌዳውን መሸጥም ሆነ መጠቀም በሕግ ከለከለች። ክልከላው እስከ 1989 ዘለቀ። ልጆቹ ተዉትን? አልተዉትም፤ ሰሌዳውን በስውር እያስገቡ መንሸራተቻቸውን ጫካ ውስጥ ሠሩ። የሰው ዓይን በሌለበት፣ ቢሰበሩ የሚያነሣቸው በሌለበት ማለት ነው። ሌላይቱ የስካንዲኔቪያ አገር ስዊድን ደግሞ በማልሞ ከተማ የተለየ መንገድ ያዘች፤ እዚያ በ2006 የተከፈተ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ፤ ተማሪዎቹ ከሒሳብና ከቋንቋ ጋር ስኬትቦርድን በትምህርት ሰዓት ይማራሉ። ይህን በተለይ ለመምህራን አንባቢዎች አነሣለሁ። በክፍል ውስጥ «ሰነፍ» የምንለው ልጅ አንድን እንቅስቃሴ 400 ጊዜ ሲሞክር ካየን፣ ስንፍናው ከማን ዘንድ እንደሆነ መጠየቅ አለብን።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፣ ወደ ደረጃው ባለቤትነት እንምጣ። ለዚህ የሁለት ከተሞች ታሪክ አለኝ፤ ሁለቱም እኛን የኪነት ሰዎችን በቀጥታ ይነካሉ።

በለንደን፣ ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ፣ ሳውዝባንክ የተባለ የኪነ ጥበባት ማዕከል አለ፤ ብሔራዊው ቲያትር ጎረቤቱ ነው። በ1967 ከተከፈተው የኩዊን ኤልሳቤጥ የሙዚቃ አዳራሽ ሥር ምሰሶና ተዳፋት ያለበት ክፍት ምድር ቤት ይገኛል። መሐንዲሶቹ ለምን እንዳስፈለገ በቅጡ ያልወሰኑለትን ይህን ሥፍራ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ባለ ሰሌዳዎቹ ያዙት። እንግዲህ አስቡት፤ ከላይ ኦርኬስትራ፣ ከታች ጎማ። እንዲህ ሆነው 40 ዓመት ያህል ኖሩ። በ2013 ማዕከሉ ሕንፃዎቹን ለማደስ አቀደ፤ ለእድሳቱ የሚሆነውን ገንዘብ ለማግኘትም ምድር ቤቱን ወደ ሱቅና ምግብ ቤት መቀየር ፈለገ። ለልጆቹ በአቅራቢያው ካለ ድልድይ ሥር ምትክ ቦታ እንሠራላችኋለን አላቸው።

ይህን ልብ እንበል። ልጆቹን ሊያስነሣ የተነሣው ነጋዴ አይደለም፤ የፖሊስ መሥሪያ ቤትም አይደለም። የኪነ ጥበብ ድርጅት ነው፤ ምክንያቱም ኪነ ጥበብ ነው። «ለትልቁ ጥበብ ስንል ትንሹን ጨዋታ እናንሣ» ነው ነገሩ። እኔ ከአዳራሻችን በር ላይ ለዘበኛው የሰጠሁት ትእዛዝ ከዚህ በምን ይለያል?

ልጆቹ ግን ዝም አላሉም። ከምድር ቤቱ ፊት ጠረጴዛ ዘርግተው የአላፊ አግዳሚውን ፊርማ አሰባሰቡ። ከ27 ሺህ በላይ ሰዎች ዕቅዱን በመቃወም ለአካባቢው አስተዳደር ጻፉ። ለዓመታት እርስ በርሳቸው የተቀራረጹት ምስል ደግሞ ዋነኛ የክርክር መሣሪያ ሆነ። «እዚህ ምን ታሪክ አለ?» ለሚላቸው ሁሉ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈውን በዓይን አሳዩት፤ ምትክ ቦታ ቢሠራም ታሪክ ተነቅሎ እንደማይተከል አስረዱበት። በመስከረም 2014 ማዕከሉ ከልጆቹ ጋር ተስማማ፤ ምድር ቤቱ በእነርሱ እጅ ቀረ። በ2019 ደግሞ ቀደም ሲል ታጥሮ የነበረው ክፍል ታድሶ ተከፈተላቸው። ኦርኬስትራውም አልሞተም።

ሁለተኛይቱ ከተማ ፊላዴልፊያ ናት፤ የእርስዋ ታሪክ አጨራረሱ አያምርም። በ1965 በከተማይቱ እምብርት የተሠራ፣ «ለቭ ፓርክ» በሚል ስም የሚታወቅ አደባባይ አለ። የድንጋይ ደረጃውና መቀመጫው የዓለም ባለ ሰሌዳዎች መሳለሚያ ሆነ፤ ልጆቹ የቀረጹት ምስል ስሙን ከቶኪዮ እስከ ሳኦ ፓውሎ አደረሰው። ከተማይቱ በ2000 ጨዋታውን ከለከለች። በ2001 እና በ2002 ግን ይህንኑ ጨዋታ የያዘውን «ኤክስ ጌምስ» የተባለ ትልቅ የቴሌቪዥን ውድድር በደስታ አስተናገደች። ማለትም ጨዋታው ትኬትና ማስታወቂያ ሲይዝ ባህል፣ ያለ ትኬት ሲሆን ወንጀል ሆነ።

በጥቅምት 2002 የከተማይቱ የቀድሞ የፕላን ኃላፊ ኤድመንድ ቤከን፣ የአደባባዩን ሐሳብ ገና ተማሪ ሳሉ የጠነሰሱት እኒሁ ሰው፣ በ92 ዓመታቸው ወደ አደባባዩ መጡ። (ለሲኒማ ወዳጆች፣ የተዋናዩ የኬቨን ቤከን አባት ናቸው።) የራስ መከላከያ ቆብ አጥልቀው፣ በሰዎች ተደግፈው፣ በጋዜጠኞች ፊት ሰሌዳ ላይ ወጥተው ተንሸራተቱ። ሕግ መተላለፋቸው ነበር፤ ሆን ብለው ነው። ይህን ምስል ባየሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ሐሳብ አንድ ነው፤ አንድ ደራሲ በሽምግልናው ድርሰቱን ሌሎች ባላሰበው መንገድ ሲተረጉሙለት አይቶ «ልክ ናችሁ» ሲል። ስንቶቻችን ለዚህ እንበቃለን? ከተማይቱ ግን አልሰማቻቸውም። በ2004 አንድ የጫማ ኩባንያ ለአደባባዩ ጥገና 1 ሚሊዮን ዶላር ልስጥና ልጆቹ ይጫወቱ ቢል እምቢ ተባለ። በ2016 አደባባዩ ሊፈርስ ሲል ከንቲባው ለጥቂት ቀናት ክልከላውን አነሡት፤ የአርባ ቀን ተዝካር ይመስል። ከዚያ ድንጋዩ ተነቀለ።

«እኛ ግን መናፈሻ ሰጥተናቸዋል» የሚል መልስ ሊመጣ እንደሚችል አውቃለሁ። በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአንድ የወጣቶች ማዕከል ግቢ ውስጥ የመጀመሪያው የስኬትቦርድ ሜዳ በኢትዮጵያውያን ልጆችና ከውጭ በመጡ በጎ ፈቃደኞች ክንድ ተሠርቷል። መልካም ሥራ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2020 ወዲህ ሴቶች ልጆች የራሳቸውን ቡድን አቋቁመው እዚያ ይለማመዳሉ፤ በጎዳና ላይ ሴት ልጅ ሰሌዳ ስትጋልብ ከሚደርስባት የአፍ ዱላ ሜዳው ይጋርዳታል። ይህን አላቃልልም። ሆኖም ሜዳ መስጠትና ከተማ መንፈግ በአንድ ላይ ሲሄዱ ሜዳው ግዞት ይሆናል። የቲያትር ቤት መኖር በገበያ መሐል አዝማሪ እንዳይዘፍን መከልከያ ምክንያት ሆኖ ያውቃል? መስቀል አደባባይን ተመልከቱ። ስንት ሯጭ በዚያ ደረጃ ላይ ሲወጣና ሲወርድ እግሩን አጠንክሯል! ደረጃው ለደመራ ተመልካች መቀመጫ ነው፤ ለሯጭ መለማመጃ ነው፤ ለሽማግሌ የፀሐይ መሞቂያ ነው። ማንም ሯጩን «ስታዲየም ሂድ» አላለውም፤ ባለመባሉም አገር ተጠቀመ።

አንዳንድ የልጆቹ ወዳጅ ነን ባዮች ደግሞ ጨዋታው የኦሊምፒክ ስፖርት ሆኗል እያሉ ይከራከሩላቸዋል። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ቶኪዮ ላይ የመጀመሪያውን የወንዶች የጎዳና ወርቅ ያገኘው ዩቶ ሆሪጎሜ በተወለደበት ወረዳ ተወዳድሮ ነው ያሸነፈው፤ በሴቶቹ ያሸነፈችው ሞሚጂ ኒሺያ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። ይህ ክርክር ግን አይጥመኝም። በሜዳልያ ብቻ የሚታፈር ልጅ ሜዳልያ ባላመጣ ማግስት ተመልሶ ዱርዬ ይባላል።

የቀረው የካሜራው ጉዳይ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ይኸው ነው። መቅረጽ ክልክል ነው የሚለው ትእዛዝ የት እንደተጻፈ ለማወቅ ፈልጌ የአዳራሹን ጽሕፈት ቤት ጠየቅሁ። ኃላፊው «ከበላይ ነው» አሉኝ። ከበላይ ያሉትን ስጠይቅ «የጥበቃ ክፍሉ ነው» ተባልሁ። የጥበቃ ክፍሉ ደግሞ «ድሮም እንዲሁ ነው» አለኝ። ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም የሚያስፈጽመው ሕግ አገኘሁ። ዘበኛው ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሰሙትን ያደርጋሉ። ካድሬው ወንድሜ ግን ይህን ጽሑፍ ካነበበ ይህችን አንዲት ነገር ይመርምርልኝ፤ በሠፈሩ ውስጥ ስንት ያልተጻፉ ክልከላዎች አሉ? እያንዳንዱስ ማንን ከምን ይጠብቃል?

የልጁን የሦስት ደቂቃ ምስል ለሁለተኛ ጊዜ ሳይ ያስተዋልሁትን ልናገር። በመጀመሪያው ደቂቃ ላይ አንዲት ልጅ በአንድ ጠባብ የፒያሳ መንገድ ላይ ትንሸራተታለች፤ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ ነው። ዓይኔ ከእርስዋ አልፎ ከኋላዋ ወዳለው ግድግዳ ሄደ። ቀለሙ የለቀቀ ሰማያዊ የእንጨት በር፤ ደጃፉ ላይ የተደረደረ የለስላሳ ሣጥን፤ አንዲት እናት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ሲልጡ ቀና ብለው ልጅቱን ያያሉ፤ ፈገግ ይላሉ፤ ወደ ሽንኩርታቸው ይመለሳሉ። ያንን በር አውቀዋለሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ በዱቤ ሻይ የጠጣሁበት ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሥራ ወደ ፒያሳ ሲመጣ ያ ሠፈር ፈረሰ። ሥራው ለከተማይቱ የሰጣትን ሰፊ መንገድና የእግረኛ ዳርቻ በዚህ ጽሑፍ ልሟገተው አልተነሣሁም፤ ያ ሌላ ጽሑፍ ነው። እኔ የምለው፣ ስለ ፒያሳ ግጥም ጽፌያለሁ፤ ጓደኞቼም ጽፈዋል፤ ያን በርና ያችን ሽንኩርት ግን ማናችንም አልጻፍናቸውም። ያስቀሩልን የጓደኛቸውን እግር ሊቀርጹ የወጡ ልጆች ናቸው። በየትኛው ዘበኛ ፊት አልፈው፣ ስንት ጊዜ ተባረው እንደቀረጹት አልጠየቅሁም።

ልጆቹን አላሞካሽም። በምስላቸው ላይ የሚለጥፉት ሙዚቃ አብዛኛው ከሌላው የተቀዳ ነው፤ የሎስ አንጀለስን ልጅ አነጋገርና አለባበስ ሲኮርጁ አይቼ አዝኛለሁ፤ ይህንንም በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ። «ጋሼ፣ ታዲያ የኛን ሙዚቃ ማን ይስጠን?» አለችኝ ልጅቱ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ በየቀኑ ክራርና ዋሽንት የሚለማመድ የኪነት ቡድን አለ፤ ከደረጃው 20 እርምጃ አይርቅም። በመካከላቸው ያለው በር ነው። ያ ቡድን የአራት ደቂቃ ዜማ ለአንድ የልጆቹ ምስል ቢያወጣ፣ ምስሉም ከተውኔት በፊት በአዳራሹ ሸራ ላይ ቢታይ፣ የሚጎድልብን ነገር አልታየኝም። በቲያትር ቤቶቻችን ወንበሩ ባዶ ቀረ፣ ወጣቱ ራቀን እያልን ጉባኤ እንጠራለን፤ ወጣቱ ግን ደጃፋችን ላይ ነበር፤ ይሰማን ነበር፤ እኛም ሰምተነው ነበር።

ከልጆቹ ጋር ሆነን ለአስተዳደሩ ማመልከቻ ጽፈናል። የጠየቅነው ብዙ አይደለም፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዐርብ ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ደረጃው እንዲፈቀድ፤ የተቆረሰውን ጥግ ልጆቹ ራሳቸው በሲሚንቶ እንዲጠግኑና ጠርዙ ላይ የማዕዘን ብረት እንዲመታ፤ ሰዎች በሚገቡበትና በሚወጡበት ሰዓት ሰሌዳ እንዳይወጣ፤ ስለ መቅረጽም የተጻፈ ደንብ ካለ እንዲሰጠን፣ ከሌለም እንደሌለ በጽሑፍ እንዲነገረን። ማመልከቻው ከገባ አምስት ወር አልፎታል፤ መልስ አልመጣም። ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ «በመታየት ላይ ነው» ተብያለሁ።

እስከዚያው ማክሰኞና ዐርብ ከ11 ሰዓት በኋላ ልምምድ አላደርግም። የእናትየዋንም ንግግር አሳጥሬዋለሁ፤ ተዋናይቱ ደስ ብሏታል። ዘበኛውም በነዚያ ሰዓቶች ከአዳራሹ ጀርባ ያለውን አትክልት ውኃ ማጠጣት ጀምረዋል።